ከስድስት ድርብ በላይ አይገባም

ማሽኑ ደባርቅ የደረሰው በካርቶን ታሽጎ፣ በአንድ አስጎብኚ ትከሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በተራራው ፓርክ ውስጥ ጨነቅ ከሚባለው ካምፕ አድራ የምትመለስ አንዲት ፈረንጅ ሴት ወደ አክስቴ ልብስ ስፌት ቤት ገብታ ነበር። ሴቶቹ ጨርቅ በመቀስ ሲቆርጡ ቆማ ተመለከተች፤ እሷም በአገሯ እንዲህ ያለ የአልጋ ልብስ እንደምትሰፋ በአስጎብኚው አፍ ነገረችን፤ ፎቶ አነሳችና ሄደች። ፎቶ አንስቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ስለሆነ ዕቃ ትልክልናለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ስፌት ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አክስቴና አራት ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ፣ በመካከሉ ጥጥ እየሞሉ፣ ለፓርኩ መንገድ ቅርብ ለሆነ አንድ ሎጅ የአልጋ ልብስ ይሰፋሉ። ከሴቶቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ሥራው የተጀመረ ሰሞን ሰው ሁሉ "ድሪቶ ሰፊዎች" እያለ ሲስቅባቸው እማማ አንድ መልስ ነበራቸው። "ድሃ ሲለብሰው ድሪቶ፣ ፈረንጅ ሲተኛበት ጥበብ" ይሉ ነበር።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። አባቴ የሞተው እኔ ትንሽ ሳለሁ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ በዳባት በኩል ካለው መንደራችን አምጥታ ደባርቅ ቤቷ ያስቀመጠችኝ፣ ደብተርና ጫማ የገዛችልኝ፣ ስታመም ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ እሷ ናት። እናቴ ማሳውንና ከብቱን ጥላ መምጣት አትችልም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ጋር ተያይዞ እንዲነበብልኝ ስለምፈልግ ነው።

ካርቶኑ የተከፈተው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት ነበር። በውስጡ ሁለት ክብ ብረቶች የተደራረቡበት፣ በጎኑ የሚዞር እጀታ ያለው ከባድ ዕቃ አገኘን። አብረውት የመጡት ሰሌዳዎች በወፍራም እስፖንጅ ተሸፍነዋል፤ በእስፖንጁ ውስጥ ምላጭ ተቀብሯል። አንዱ ምላጭ በሦስት ማዕዘን፣ ሌላው በካሬ ቅርጽ የተሠራ ነው።

"ይኼ ደግሞ ምን ሊፈጭ ነው?" አሉ እማማ።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር አክስቴ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ የተሰጠኝን ነገር በደንብ ካልሠራሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሥራው ቀላል ነው። ጨርቁ ታጥፎ በምላጩ ላይ ይነጠፋል፤ በላዩ ጠንካራ የፕላስቲክ ክዳን ይደረጋል፤ እጀታው ሲዞር ሁለቱ ብረቶች ሁሉንም አብረው እየጨመቁ ያሳልፉታል። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ጨርቁ ተቆርጧል።

የመጀመሪያውን የቆረጥኩት በአቡጀዲ ነው። ክዳኑን ሳነሳ ሦስት ማዕዘኖቹ እንደ ቂጣ ተደራርበው ወጡ። እማማ ሁለቱን አንስተው ጫፍ ለጫፍ አጋጠሟቸው፤ ገለበጧቸው፤ እንደገና አጋጠሟቸው።

"መንታ ናቸው" አሉ። "መቀሴ ዕድሜዬን ሙሉ ሲዋሸኝ ነው የኖረው ለካ።"

"መቀሱ ምን አደረገ፣ ዓይንዎ ነው እንጂ" አለች አንዷ።

"ዓይኔንስ ተይው፤ እሱ ያንቺን ወሬ ያያል።"

ከዚያ ቀን በኋላ መቁረጡ የእኔ ሥራ ሆነ። ሎጁ ቀድሞ የአልጋ ልብሶቹን "ጫፋቸው አይገጥምም" እያለ ይመልስ ነበር፤ አሁን መመለሱን ተወ። ለሴቶቹ አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ ግን መሳሳት የማይቻልበት አንድ ነገር ነበር። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከስድስት ድርብ በላይ ጨርቅ ከገባበት ክዳኑ ይሰነጠቃል፤ የእጀታውም ጥርስ ይሰበራል። እዚህ አገር ደግሞ ምትኩ አይገኝም። ስለዚህ ከማሽኑ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ "ከስድስት ድርብ በላይ አይገባም" ብዬ በወፍራም ቀለም ጻፍኩ። እማማ ፊደል ስላልቆጠሩ ከሥሩ ስድስት መስመር አሰመርኩላቸው።

የሎጁ ሥራ አስኪያጅ የአልጋ ልብስ ሊወስድ የመጣ ዕለት አክስቴ ትከሻዬን ይዛ ወደ ፊት አቀረበችኝ።

"የምትቆርጠው ይህች ናት" አለችው። "እጇ የታመነ ነው። ዩኒቨርሲቲ ብትገባም በየእረፍቷ ትመጣለች፤ ማሽኑን ሌላ ሰው አላስነካም።"

"እጇ የታመነ" የሚለው ቃል ምን ያህል እንዳስደሰተኝ አሁን መጻፍ ያሳፍረኛል። ትምህርት ቤት አንደኛ ስወጣ እንኳ እንዲያ አልተደሰትኩም። አክስቴ የማታምንበትን ነገር የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ እኔም ያ ቃል ሁልጊዜ የእኔ ሆኖ እንዲቀር ፈለግሁ።

በዚያው ሰሞን በገበያ ቀን እናቴ ጋቢ ይዛ መጣች። ጥጡን ለብዙ ጊዜ በእጇ ስትፈትለው ኖራ፣ ከዚያም ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የምለብሰው ነው። በጠርዙ ላይ ጣት የማታክል አንዲት ሰማያዊ መስመር አለችው።

"ይቺ ምንድን ናት?" አልኳት።

"ምልክት ናት። እዚያ ብዙ ልጅ ነው ያለው፤ ጋቢ ሁሉ ነጭ ነው፤ እንዳይቀየርብሽ። ሸማኔው አስቀያሚ ነው ብሎኝ ነበር፤ አንተ አትለብሰው አልኩት።"

አክስቴ ጋቢውን ዳብሳ አደነቀች። እናቴ አጣጥፋ ሰጠቻት። "እስክትሄድ ድረስ አንቺ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥልኝ፤ እኔ ቤት አይጥ ይጨርሰዋል" አለቻት። አክስቴም ሳጥኑን ከፍታ ከላይ አስቀመጠችው።

ፍልሰታ ሲገባ እናቴ ጋ ልጾም ወደ መንደር ወረድኩ። ከመሄዴ በፊት ማሽኑን ጠርጌ፣ ምላጮቹን ዘይት ቀብቼ፣ ክዳኖቹን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። አክስቴ እጀታውን አንድ ጊዜ አዙራ አየችውና "ይኸው እንደ ቅቤ ይዞራል፤ ሂጂ" አለችኝ።

መንደር ሳለሁ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ከቅዳሴ እንደተመለስን የእናቴ ስልክ ጠራ። እናቴ ስልክ ስታነጋግር ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። የዚያን ዕለት ግን ተነስታ ወደ አጥሩ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"እቴቴሽ ናት። ሰላም ብላሻለች።"

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ስለ ጋቢው ስንቴ እንዳወራሁላት አልቆጠርኩም። ቀን አጥፌ አልጋዬ ላይ እንደማነጥፈው፣ ጠዋት ለብሼው ክፍል እንደምሄድ፣ ሰማያዊዋን መስመር ወደ ውጭ አድርጌ እንደማጣፋው ስነግራት "እንዲያ ነው" እያለች ሽሮውን ታማስል ነበር።

ጾሙ ተፈታ፤ ደባርቅ ተመለስኩ። ከዳባት ጀምሮ ዝናብ ነበር፤ ከተማው በጉም ተሸፍኗል። ስፌት ቤት ስገባ ማሽኑ በላስቲክ ተሸፍኖ ጥግ ተቀምጧል። ሴቶቹ ሁሉ መቀስ ይዘዋል።

"እሰይ፣ ማሽን ሰባሪዋ መጣች" አሉ እማማ።

ሳቅሁ። ማንም አብሮኝ አልሳቀም። አክስቴ ከመርፌዋ ቀና አላለችም።

"ምነው እማማ?"

"ምነው ትያለሽ? ልትሄጂ ስትጣደፊ ጨርቅ ከምረሽበት ሄደሽ፣ ክዳኑ ሥር ለሥር ተሰንጥቆ ቆይቶ እቴቴሽ ገና ብታዞረው ለሁለት። ጥርሱም ረግፏል። ሎጁ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀን በመቀስ ነው የጨረስነው፤ ጣታችን አልቆ። አይዞሽ፣ ልጅ ነሽ። እቃ ይሰበራል።"

"እኔ እኮ ጠርጌ ነው የሄድኩት" አልኩ። ወደ አክስቴ ተመለከትኩ። እጀታውን በገዛ እጇ አዙራ "እንደ ቅቤ ይዞራል" ያለችውን እንድትናገር ጠበቅሁ።

"ተይው በቃ፤ ያለፈ አለፈ" አለች አክስቴ። "ካፖርትሽን አውልቂና እዚህ ጨርቅ ያዢልኝ።"

ጨርቅ ያዝኩላት። ምን ማድረግ ይገባኝ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። በዚያ ሰዓት ያሰብኩት አንድ ቦታ እኔው ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው፤ አክስቴ ልትዋሽ ትችላለች የሚለው ሐሳብ አልመጣልኝም።

በማግሥቱ ሴቶቹ ለምሳ ሲወጡ ላስቲኩን ገለጥኩ። ይጠገን እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው። ክዳኑ ለሁለት ተከፍሏል። የሦስት ማዕዘኑን ሰሌዳ ሳነሳ እስፖንጁ ውስጥ የተወተፈ ጨርቅ አገኘሁ፤ ምላጩ ግማሽ ድረስ ቆርጦት እዚያው ቀርቷል። በመርፌ ፈልቅቄ አወጣሁት። የውፍረቱ ነገር እንደ ትንሽ ትራስ ነው። ድርቡን አንድ በአንድ ገለጥኩ፤ አሥራ ስድስት ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው። በአንደኛው ጫፍ ሰማያዊ መስመር አለው።

ወደ ቤት ሄጄ ሳጥኑን ከፈትኩ። ጋቢው የለም።

ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ አገር የለም፤ ሆኖም ጋቢን ሲያነሳው እንደ አራት የሚቆጥረው ሰውም የለም። አንድ ልብስ ነው። ስናጥፈው አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት እንላለን። አክስቴም እንዲሁ ቆጥራለች። ግድግዳውን አይታ፣ አራት ከስድስት ያንሳል ብላ፣ አሥራ ስድስት ድርብ አስገብታ እጀታውን አዙራለች። ይህን ለመረዳት ብዙ አላሰብኩም። ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አክስቴን ያገኘኋት ብቻዋን ስትሰፋ ነው። ያወጣሁትን ጨርቅ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት። እግሯ የስፌት መኪናውን መርገጡን አቆመ።

"ሎጁ ነጭ ነው ያለው" አለች። "አቡጀዲው አለቀ። ከጎንደር እስኪመጣ ብጠብቅ ትእዛዙ ይሰረዝ ነበር። ሴቶቹ ቅዳሴ ሄደዋል፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ትንሽ ከጠርዙ ብወስድ ብዬ ነበር። ከተበላሸ በኋላ ደግሞ ግማሽ ጋቢ ለምን ይሆናል ብዬ የቀረውን በመቀስ ቆረጥኩት።"

"ለምን እኔ ሰበርኩት አልሽ?"

"አንቺ ስድስት ድርብ አልሽ እንጂ ጋቢ አንዱ አራት ነው ብለሽ አስተምረሻል? አላስተማርሽም። ታዲያ ያንቺ ጥፋት ነው ቢባል ፍጹም ውሸት ነው?"

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ያቀረብኩላትን ሥራ እንደምታርምልኝ ዓይነት ነው የተናገረችው፤ እኔም እርማት መቀበል የለመድኩ ስለሆንኩ አንገቴን ነቀነቅሁ። ውጭ ወጥቼ ነው ነገሩ የገባኝ።

የገበያው ቀን እስኪደርስ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ትመጣለች። ጋቢው የእሷ እጅ ነው፤ ስሙ የሚጠፋው ደግሞ የልጇ ነው። እኔ ለአክስቴ መልስ መስጠት ባልችል እናቴ ትችላለች ብዬ አሰብኩ። በመንደር ውኃ ስለተሻሙባት ሽማግሌ ፊት ቆማ የተከራከረች ሴት ናት።

ከመናኸሪያው ተቀበልኳት። የገብስ ከረጢቷን ተሸክሜላት ስንሄድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስጨርስ ጨርቁን አውጥቼ ሰጠኋት። ሰማያዊዋን መስመር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና መለሰችልኝ።

"ነግራኛለች" አለች።

"መቼ?"

"መንደር ሳለሽ። ያኔ ስትደውል።"

ቆምኩ። የከረጢቱ ክብደት ያኔ ነው የተሰማኝ።

"እማ፣ ያን ሁሉ ቀን ስለ ጋቢው ሳወራልሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ሰበርኩት እንደምትልም?"

መንገዱ ላይ የሚያልፉ ሰዎችን ሰላም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ጠይቃኛለች። እኔም ይሁን አልኳት። ስሚ፣ ልጄ። እሷ ሰበረችው ከተባለ፣ ያውም ሰው ቅዳሴ ቆሞ ሳለ፣ እነዚያ ሴቶች ከዚያ ወዲያ ይሰሟታል? ሎጁስ ሥራ ይሰጣታል? እሷ እዚሁ ናት፤ እዚሁ ትኖራለች። አንቺ ትሄጃለሽ። ልጅ ሰበረ ቢባል ማን ይዞት ይኖራል? እስከዛሬ ማን አሳደገሽ?"

"ጋቢውስ?"

"የት እንደሚመድቡሽ ማን ያውቃል፤ ቆላ ቢሆንስ።"

እናቴን አውቃታለሁ፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ለአክስቴ የምትከፍለው ነገር አልነበራትም፤ ያላት እኔ ነበርኩ፤ እኔን ሰጠች። ይህን ዛሬ ስጽፈው ሊገባኝ ይችላል። ያን ቀን ግን የተሰማኝ፣ ሁለቱ ሴቶች በስልክ ተነጋግረው በስሜ ላይ ሲስማሙ እኔ ጥቂት እርምጃ ርቄ ሽንኩርት እልጥ እንደነበር ብቻ ነው። አክስቴ ብትዋሽብኝ የምሄድበት ሰው ነበረኝ፤ አሁን አልነበረኝም።

ውጤት መጣ፤ አለፍኩ። ምደባው ሲነገር የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ቆላ አልነበረም። ከደባርቅ ባይብስም የማይተናነስ ብርድ አለው አሉኝ።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሴቶቹ ስፌት ቤት ተሰብስበው መረቁኝ። አክስቴ ዳቦ ደፍታ ነበር። እናቴም ከመንደር መጥታለች። አክስቴ ከገበያ የገዛችውን፣ የአበባ ሥዕል ያለበትን ብርድ ልብስ በሁሉም ፊት ሰጠችኝ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። ብርድ ልብሱ ስስ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያዩት መስኮቱ ይታይበታል።

ከዚያ እማማ ተነሱ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን።

"መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ" አሉ።

"አሜን" አልን።

"ሄደሽ ከመቅረት፣ ተምረሽ ከመሳት ይሰውርሽ።"

"አሜን።"

"ማሽናችንን ብትሰብሪም እኛ ከልባችን ይቅር ብለንሻል፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ።"

ያን ጊዜ ጨርቁ በሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ዳቦው አጠገብ ባስቀምጠው፣ እማማ ገና ሲነኩት ያውቁታል። አክስቴ ለሎጁ የተሰፋውን ነጭ ጨርቅ "ከገበያ የገዛሁት አሮጌ ጋቢ ነው" ስትላቸው እማማ "ለአሮጌ ሳሙና ያልነካው ነው" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ወደ እናቴ ተመለከትኩ። አንድ ቃል እንድትናገር አልጠበቅሁም፤ ዝም እንድትል ብቻ ነበር የፈለግሁት። ለዚያ ለአንዱ ምርቃት አሜን ሳትል እንድታልፍ።

"አሜን" አለች እናቴ። ከሁሉም ቀድማ።

እኔም "አሜን" አልኩ። ሰው ሲመርቅ አሜን አለማለት አልተማርኩም።

ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ስሳፈር አክስቴ ስማኝ ለሥራ ተመለሰች። እናቴ መስኮቱ ሥር ቆመች። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ በመስኮቱ ሰጠኋት። አላየችውም፤ በእጇ አውቃዋለች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ደርሰሽ ደውዪልኝ" አለች።

የተመደብኩበት ከተማ ደረስኩ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፤ አምስቱ ላይ ጋቢ ተነጥፏል፤ ሁሉም ነጭ ነው፤ ልጆቹ የማን የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። የእኔ አበባ ያለበት ስለሆነ ከማንም ጋር አይቀየርም። ብርድ ልብሱን አጥፌ፣ እንደገና አጥፌ አራት ድርብ አድርጌ ለበስኩት፤ እግሬ ውጭ ቀረ። ያን ጊዜ ደወልኩላት።

"ደረስሽ?"

"ደርሻለሁ እማ።"

"አገሩ እንዴት ነው? ይበርዳል?"

በመስኮቱ ስንጥቅ ነፋስ ይገባል። ልጆቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሻይ ይጠጣሉ። ከደባርቅ ይልቅ ይበርድ ነበር።

"አይበርድም" አልኳት።

በስልኩ ውስጥ እፎይ ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ድምጿ ተመለሰ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እየጮኸች ስለ ገብሱ ታወራልኝ ጀመር።